ማግሜትር ከመግዛታችሁ በፊት ፈሳሹን መርምሩት

አዘዞ አካባቢ የሰሊጥና የኑግ ዘይት የሚጨምቁ አንድ ሰው ደወሉልኝና ሄድኩ። ዕድሜያቸው ከአባቴ ይበልጣል፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ያገለገለ ማግኔቲክ ፍሎ ሜትር (ማግሜትር የምንለው የፈሳሽ ፍሰት መለኪያ ነው) ከአዲስ አበባ አስመጥተው ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው በሚሄድበት ቧንቧ ላይ አስገጥመዋል። ዘይቱ ይወርዳል። ስክሪኑ ግን አንዴ 12 ይላል፣ አንዴ ከዜሮ በታች ይገባል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ቧንቧው ባዶ ነው» የሚለውን ምልክት ያበራል።

«ጋሼ፣ ዕቃው ጤነኛ ነው። ዘይት ግን አይለካም» አልኳቸው።

«እንዴት አይለካም? ፈሳሽ መለኪያ ብለው አይደል የሸጡልኝ?»

«ፈሳሽማ ይለካል። ዘይትን ግን አያየውም።»

ሳቁ። ብሩ ግን ወጥቷል። እንዲህ ዓይነት ነገር ጎንደርና ዙሪያዋ ስዞር ደጋግሞ ስላጋጠመኝ ነው ዛሬ የምጽፈው። ሰው የቧንቧውን ስፋት ይጠይቃል፣ ዋጋውን ይጠይቃል፣ የየት አገር ሥሪት እንደሆነ ይጠይቃል። ስለ ፈሳሹ የሚጠይቅ የለም። የሚጠይቅ ከተገኘም ፈሳሹ ደህና ሆኖ የሚውልበትን ሰዓት ነው የሚነግሩት። እኔ ደግሞ የምፈልገው ክፉ ሰዓቱን ነው። በቀን ውስጥ፣ ወይም በዓመት ውስጥ፣ ያ ፈሳሽ ለመለካት በጣም የሚያስቸግረው መቼ ነው? ምርጫው መጀመር ያለበት ከዚያ ነው።

መጀመሪያ አሠራሩን ላስረዳ። ማግሜትር ውስጡ የሚሽከረከር ነገር የለውም። ባዶ ቱቦ ነው። በውጭ የተጠመጠመ ኮይል መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፣ ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት ትንንሽ ኤሌክትሮዶች ደግሞ ፈሳሹን ይነካሉ። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፈሳሽ በዚያ መሃል ሲያልፍ በሁለቱ ኤሌክትሮዶች መካከል ቮልቴጅ ይፈጠራል። ፈሳሹ ሲፈጥን ቮልቴጁም በዚያው ልክ ይጨምራል። ሕጉን እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ፋራዳይ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1831 ነው። በዓመቱ ለንደን ላይ ከዋተርሉ ድልድይ ሽቦ ወደ ወንዝ አውርዶ የቴምዝን ፍሰት ሊለካ ሞከረ፣ አልሆነለትም። ስለዚህ የእናንተም ስክሪን ሲዘል ብዙ አትናደዱ።

ቮልቴጁ በጣም ትንሽ ነው። የቴሌቪዥን ሪሞት ባትሪ 1500 ሚሊቮልት ነው፤ እዚህ የምናወራው ስለ ጥቂት ሚሊቮልት፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ ሚሊቮልት በታች ስለሆነ ቮልቴጅ ነው። ፈሳሹ ራሱ ኤሌክትሪክ ካላስተላለፈ ያቺ ጠብታ ቮልቴጅ ኤሌክትሮዱ ጋ አትደርስም፣ ሜትሩም የሚያነበው በዙሪያው ካለ ሞተርና ኬብል የሚመጣውን ረብሻ ይሆናል። የጋሼ 12 ቁጥር ምናልባት የጎረቤት ወፍጮ ሞተር ነበር!

ደስ የሚለው ነገር፣ የፈሳሹ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም (ኮንዳክቲቪቲ) ከዝቅተኛው ልክ ካለፈ በኋላ ያለው ልዩነት ለሜትሩ ምንም ማለት አይደለም። 500 ማይክሮ ሲመንስ (የኮንዳክቲቪቲ መለኪያ አሃድ ነው) ሆነ 5000 ያው ነው። ቢወፍር፣ ቢቀጥን፣ ቢከብድ፣ ሰፋ ባለ ልክ ንባቡ አይቀየርም። ማግሜትር የሚወደደውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ልኩ ስንት ነው? የአብዛኞቹ ሜትሮች ዝቅተኛ ወለል በሴንቲ ሜትር 5 ማይክሮ ሲመንስ ነው። ማዕድኑ ለወጣለት ውሃ ብዙ አምራቾች 20 ይጠይቃሉ። ከዚያም በታች የሚወርዱ ልዩ ሜትሮች አሉ፣ ግን ውድ ናቸው፣ ተራው ዕቃ ያንን ይሠራል ብላችሁ አትሸወዱ። የእኔ ልማድ ይሄ ነው፦ ክፉ ሰዓቱ ላይ ከ50 በላይ ካገኘሁ ስለ ኮንዳክቲቪቲ ማሰብ አቆማለሁ። በ20 እና በ50 መካከል ከሆነ ዳታሺቱን (የአምራቹን የዕቃ መግለጫ) መስመር በመስመር አነባለሁ። ከ20 በታች ከሆነ አምራቹ በጽሑፍ ካላረጋገጠልኝ አልገዛም።

የቧንቧ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ በመቶዎች ውስጥ ነው። ወተት ከ4000 እስከ 5500 አካባቢ ይገኛል (የጡት ሕመም ያለባት ላም ወተት ከዚህም ይበልጣል፤ በኮንዳክቲቪቲ በሽታዋን የሚያውቁ አሉ)። ቢራም ከሺህ በላይ ነው። ለማጠቢያ የምንጠቀምበት ኮስቲክ ሶዳ፣ አሲድ፣ የጨው ውሃ፣ የፍሳሽ ውሃ፣ የኖራ ውሃ፣ ሁሉም በኮንዳክቲቪቲ በኩል ችግር የለባቸውም። የክረምት ድፍርስ ውሃም እንደዚያው። እንዲያውም ከአንገረብ በኩል በሐምሌ የሚወርደውን ቡና የመሰለ ውሃ ለመለካት ከማግሜትር የተሻለ አላውቅም፤ ጥርስ ያለው ቆጣሪ በአሸዋው ሲበላና ሲቆም ይሄኛው የሚበላ ነገር ስለሌለው ዝም ብሎ ይሠራል።

የማይሆኑት ደግሞ ዘይት፣ ናፍጣ፣ ቤንዚን፣ ኬሮሲን፣ ንጹህ አልኮል ናቸው። ዘይት ከሚፈለገው ልክ በብዙ ሺህ እጥፍ ያንሳል፣ «ትንሽ ብናስተካክለው» የሚባል ነገር የለውም። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ነው። እንፋሎትና አየር ጨርሶ አይታሰቡም።

አስቸጋሪዎቹ መሃል ላይ ያሉት ናቸው። አረቄ፣ ለምሳሌ። ከማውጫው የወጣው ራሱ ብዙም አያስተላልፍም፤ በውሃ ሲቀጥን ውሃው ማዕድን ካለው ከፍ ይላል፣ በተጣራ ውሃ ከቀጠነ ግን እዚያው ታች ይቀራል። የስኳር ሽሮፕም እንዲሁ ነው፤ ስኳር ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ የሚያስተላልፈው ውስጡ ያለው የውሃ ማዕድን ነው፣ ስለዚህ ሽሮፑ ሲወፍርና ሲቀዘቅዝ ቁጥሩ እየወረደ ይሄዳል። ወደ ቦይለር የሚመለሰው ኮንደንሴት (እንፋሎቱ ቀዝቅዞ የሆነው ውሃ) ደግሞ ውሃ ስለሆነ ብቻ ሰው ያምነዋል። የተጣራ ውሃ እኮ ነው፤ ንጹህ ከሆነ ጥቂት ማይክሮ ሲመንስ ብቻ ነው ያለው። ውሃ ሁሉ አንድ አይደለም።

ይሄን በራሴ ላይ ደርሶ ነው የተማርኩት። አንድ ውሃ የሚያሽግ ፋብሪካ ውስጥ ከአርኦ ማጣሪያው (ውሃውን በስስ ሽፋን ገፍቶ ማዕድኑን የሚያስቀር ማጣሪያ) በኋላ ሜትር እንድመርጥ ተጠየቅሁ። የጉድጓዱ ውሃ 450 ነበር። ከማጣሪያው በኋላ ያለውን ስለካው 30 አካባቢ አገኘሁ። ሜትሩ 20 ይጠይቃል፣ እንግዲህ ይበቃል ብዬ አስገጠምኩት። ስምንት ወር አንድም ኮሽታ ሳይሰማ ሠራ። ከዚያ አንድ ቀን ተደወለ፣ «ሜትርህ አብዷል» ተባልኩ። ሄጄ ኬብል ፈተሽኩ፣ ግራውንድ ፈተሽኩ፣ ኤሌክትሮዱን አወጣሁና አጠብኩ። ምንም። የለኳቸውን ሁሉ ሁለቴ ለካሁ። ማታ ላይ አንዱ ኦፕሬተር ሻይ እየጠጣ፣ ባለፈው ሳምንት ሜምብሬኑን፣ ማለትም የማጣሪያውን ሽፋን፣ በአዲስ ቀየርነው አለኝ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። መጀመሪያ የለካሁት ያረጀ ሜምብሬን ያሳለፈውን ውሃ ነበር። አዲሱ አጥብቆ ሲያጣራ ቁጥሩ ወርዷል። ለፋብሪካው ጥሩው ቀን ለሜትሩ ክፉው ቀን ሆነ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ ያልበደለ ኬብል ቀን ሙሉ ስፈታ ዋልኩ።

ያን ማታ ናሙናውን ስንለካም ሌላ ጉድ ነበር። ልጁ ውሃውን በሃይላንድ ይዞልኝ መጣ። የኮንዳክቲቪቲ መለኪያ እስክሪብቶዬን ከተትኩት፣ 90 አለ! 90 ከሆነማ ሜትሩ መሥራት ነበረበት። «ይሄ ላስቲክ ቀድሞ ምን ነበረበት?» አልኩት። «አምቦ ውሃ።» በሉ እንግዲህ። በዚያው ከቧንቧው በሚወርደው ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቀን፣ በአራተኛው ሞልተን ስንለካ 6።

ስለዚህ ናሙና ስትወስዱ እንዲህ አድርጉ። ዕቃውን በሚለካው ፈሳሽ በራሱ ሦስት ጊዜ አለቅልቁ። በሳሙና አትጠቡ፣ ሳሙናው ራሱ ቁጥር ይጨምራል። ቫልቩን ከፍታችሁ ቧንቧ ውስጥ የተኛው ወርዶ እስኪያልቅ ጠብቁ። ናሙናውን ክፍት ባልዲ ውስጥ አሳድራችሁ ጠዋት አትለኩ፤ በጣም ንጹህ ውሃ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ኮንዳክቲቪቲው ይጨምራል። እዚያው ቧንቧው ሥር ለኩ። በመልቲሜትር ሬዚስታንስ ለክቼ አወጣዋለሁ የሚል አለ፤ እሱን ተዉት፣ መልቲሜትሩ የሚልከው ቀጥተኛ ጅረት (ዲሲ) ጫፎቹ ላይ የራሱን ቮልቴጅ ስለሚፈጥር ቁጥሩ እያያችሁት ይሮጣል። ርካሹን የቲዲኤስ እስክሪብቶ (ውሃ ውስጥ የሟሟውን ነገር መጠን የሚያሳየውን) ብቻ ካላችሁ፣ እሱ የሚያሳየውን ቁጥር በሁለት ብታባዙ በግርድፉ ማይክሮ ሲመንስ ታገኛላችሁ። ግን እስክሪብቶው አንድ አንድ እያለ ስለሚቆጥር 3 ሲል 5 ይሁን 7 አታውቁም። ለመቶዎቹ ይበቃል፣ ወለሉ አጠገብ አትመኑት።

አንዲት ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚያልፋት። ኮንዳክቲቪቲ በአንድ ዲግሪ 2 በመቶ ገደማ ይለዋወጣል። የኮንዳክቲቪቲ እስክሪብቶው ይህን ስለሚያውቅ ቁጥሩን 25 ዲግሪ ላይ ቢሆን ስንት ይሆን እንደነበር አስልቶ ነው የሚነግራችሁ። ሜትሩ ግን የሚያየው በቧንቧው ውስጥ ያለውን ነው። በእኛ የኅዳር ማለዳ ውሃው 10 ዲግሪ ከሆነና እስክሪብቶው 6 ካለ፣ እውነተኛው 4 ገደማ ነው። ከ5 በታች ወረደ ማለት ነው። በቀትር የሚሠራ ሜትር ጠዋት ጠዋት የሚቃዠው አንዳንዴ በዚህ ነው።

ኮንዳክቲቪቲው አለቀ እንበል። ቀጥሎ አየር። ማግሜትር ቧንቧው ሙሉ ነው ብሎ ነው የሚያሰላው። ፈሳሹ ውስጥ 10 በመቶ አረፋ ካለ፣ አረፋውንም እንደ ፈሳሽ ቆጥሮ ያስከፍላችኋል። ቢራ በኮንዳክቲቪቲ ጥሩ ተማሪ ነው፣ ግፊቱ ሲቀንስ ግን ጋዙን ይለቃል፤ ስለዚህ ሜትሩን ከመቆጣጠሪያው ቫልቭ በፊት፣ ግፊቱ ገና ሳይወርድ አስቀምጡት። ወተት በፓምፕ ሲናጥ ያረፋል። ገና የሚፈላ ጌሾና ብቅል ያለበት ጠላ ዓይነት ነገርም ቢሆን ያው ነው።

እዚህ ላይ የጎንደር ከፍታ ይገባል። ከባሕር ወለል 2100 ሜትር ግድም ላይ ነን። ውሃ እዚህ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከቆላ ወይም ከውጭ አገር በመጣ ማኑዋል ላይ «95 ዲግሪ ሙቅ ውሃ» የሚል ካያችሁ፣ ክፍት ታንክ ውስጥ እዚህ ያ ውሃ አይደለም፣ አረፋ ነው። ፓምፕም ውሃ ከታች መሳብ የሚችለው በወረቀት ስሌት እንኳ 8 ሜትር ገደማ ነው፣ በባሕር ዳርቻ 10 የሚሆነው። ጥልቀት ላይ ስትጨክኑበት ፓምፑ መሳቢያው ላይ እንፋሎት ይሠራል፣ አየርም ይስባል። ሜትሩን መቼም ቢሆን በፓምፑ መሳቢያ በኩል አታድርጉት። በመግፊያው በኩል፣ ፈሳሹ ወደ ላይ በሚወጣበት ቁመተ ቧንቧ ላይ ቢሆን ይመረጣል። አግድም ከሆነ ደግሞ ኤሌክትሮዶቹ በሰዓት ፊት ላይ 3 እና 9 ቁጥር ባሉበት ጎን ይሁኑ። አረፋ ላይ ይሄዳል፣ ደለል ታች ይተኛል፣ ጎኑ ንጹህ ነው። ከሜትሩ በፊት የቧንቧውን ስፋት አምስት እጥፍ፣ ከኋላው ሁለት ሦስት እጥፍ ቀጥ ያለ ቧንቧ ተዉ።

መብራት ሲሄድስ? ሲሄድ እናውቀዋለን። ፓምፑ ይቆማል፣ ቧንቧው ይወርዳል፣ ጀነሬተር ሲነሳ የመጀመሪያው ደቂቃ ግማሽ አየር ነው። ሜትሩ የባዶ ቧንቧ መለያ ካለው አብሩት፤ ያለዚያ የወሩ ድምር ላይ ያልነበረ ውሃ ይገባል። ሙቅ ማጠቢያ የሚያልፍበት መስመር ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሙቅ ውሃ ተዘግቶበት ሲቀዘቅዝ ቧንቧው ውስጥ ቫኪዩም ይፈጠራል፣ ቴፍሎን ላይነር (የሜትሩ የውስጥ ሽፋን) ቫኪዩም አይወድም፣ ከግድግዳው ተላቆ ወደ ውስጥ ይጨማደዳል። አንዴ አይቼዋለሁ፣ የተኮማተረ የእንጀራ ጠርዝ ነው የሚመስለው። ለእንዲህ ያለ መስመር ፒኤፍኤ የሚባለው የቴፍሎን ዘመድ ይሻላል።

ከላይነሩ አንጻር ባጭሩ፦ ለተራ ውሃና ፍሳሽ ጠንካራ ጎማ፣ እስከ 80 ዲግሪ ገደማ። አሸዋ ለሚበዛበት ፖሊዩሬቴን ወይም ለስላሳ ጎማ፣ ሙቀት ግን አይችሉም። ለኬሚካልና ለምግብ ቴፍሎን ወይም ፒኤፍኤ። ኤሌክትሮዱ ላይ ስቴንለስ ለውሃ፣ ለወተት፣ ለቢራ ይበቃል። ለክሎሪን ውሃ ማከሚያ፣ በረኪና ለሚሄድበት፣ ታይታኒየም ጠይቁ። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ስቴንለሱን ይበላዋል፣ ለእሱ ታንታለም ነው። ግን ታንታለም ኮስቲክ አይችልም። ስለዚህ ቀን አሲድ፣ ማታ ኮስቲክ የሚያልፍበት መስመር ላይ «ምርጡን ስጡኝ» ብላችሁ ታንታለም ብትገዙ ራሳችሁን ነው የጎዳችሁት። የክፉ ሰዓት ነገር ይሄም ነው፣ ማጠቢያውን አትርሱ።

ቅባት የሚይዝ ፈሳሽም አለ። የቄራና የምግብ ቤት ፍሳሽ ኤሌክትሮዱን በቅባት ይለብሰዋል፣ ቅባት ደግሞ መከለያ ነው። ኮንዳክቲቪቲው በሺዎች ቢሆንም ሜትሩ ይታወራል። መፍትሔው በአብዛኛው ፍጥነት ነው። በሰከንድ ከ1 እስከ 3 ሜትር ከሄደ ራሱን ያጥባል። ባለ 50 ሚሊ ሜትር ቧንቧ በሰከንድ 2 ሜትር ሲሄድ በሰዓት 14 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ የእናንተ ፍሰት ከዚህ በጣም ካነሰ ቧንቧው ሰፊ ስለሆነ ሜትሩንም ሰፊ አታድርጉት፣ በሪዲዩሰር አጥብባችሁ ትንሹን ግዙ። ዋጋውም ይቀንሳል።

ክሎሪን ወይም አሉም (ድፍርስ ውሃ የሚያጠራ ኬሚካል) የምትጨምሩ ከሆነ መጨመሪያው ከሜትሩ በኋላ ይሁን። ከፊቱ ከሆነ ያልተቀላቀለው ፈሳሽ በኤሌክትሮዱ ፊት ሲያልፍ ቁጥሩ ይዘላል። ዝላዩን ለማጥፋት ዳምፒንጉን (ንባቡን አማክሎ የሚያለሰልሰውን ማስተካከያ) 30 ሰከንድ የሚያደርጉ ቴክኒሻኖች አሉ። ስክሪኑ ያምራል። ውሸቱ ግን አልጠፋም፣ ተኝቶ ነው።

ፈሳሹ ካልሆነ ተዉት፣ አትታገሉ። ለዘይትና ለወፍራም ሽሮፕ ኮሪዮሊስ የሚባል የሜትር ዓይነት አለ፣ ኪሎውን ጭምር ይነግራችኋል፣ ውድ ነው። ከእሱ የሚረክሰው ጥርስ ያለው የዘይት ሜትር ነው። ለእንፋሎት ቮርቴክስ የሚባለው ሜትር። ለኮንደንሴትና ለተጣራ ውሃ በአልትራሳውንድ የሚሠራው።

ጋሼ ኮሪዮሊሱን ዋጋ ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ። አሁን ዘይቱን በጀሪካን ሚዛን ላይ እየመዘኑ ይሸጣሉ፣ እሳቸው እንደሚሉት ሚዛን አይዋሽም። ማግሜትሩን ደግሞ ነቅለን ግቢያቸው ውስጥ ካለው ጉድጓድ ወደ ሮቶው በሚሄደው መስመር ላይ ገጠምነው። መጀመሪያ አሁንም ዘለለ። «ይሄ ዕቃ እኔን ጠምዶኛል» አሉ። ቧንቧው ፕላስቲክ ነበር፣ ፈሳሹ ከመሬት ጋር የሚገናኝበት የለም። በሁለቱ ፍላንጆች (የቧንቧውና የሜትሩ መጋጠሚያዎች) መካከል የስቴንለስ ቀለበት አስገባን፣ በመዳብ ሽቦ ከሜትሩ ጋር አገናኝተን መሬት ቀበርነው። ቁጥሩ በሰዓት 3.1 ሜትር ኩብ ላይ ቆመ። ባለ 200 ሊትር በርሜል ስንሞላ ለአራት ደቂቃ ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው ሞላ። ጋሼ በስልካቸው ሰዓቱን ይዘው ነበር።